ቀንዱ ከልጅቷ ጋር ነው

ሊቪዮ ቴርላጎ የባሩድ ቀንዱን ለሦስተኛ ጊዜ ልየው ብሎ ሲጠይቅ ኦሪዬታ ወይን ጠጅ እየቀዳች ነበር። ወይኑ የብርጭቆውን አፍ አልፎ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

«ካላስቸገርኩ ነው» አለ ሊቪዮ ባርኔጣውን በጣቶቹ መሃል እያዞረ። «ያን ቀንድ አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው ደስ ይለኛል፣ ሲኞር ቦርቶሎ።»

አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የእሁድ ኮታቸውን አወረዱና ለበሱ፤ ቁልፎቹንም እስከ ላይ ቆለፉ። ከዚያ የዳቦውን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠርገው አረንጓዴውን ከፈይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

ኦሪዬታ ይህን ስታይ መቅዳቷን ተወች። በሸለቆው ውስጥ አሮጌ የጠመንጃ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ወግ አላቸው። አንድን ዕቃ አንዴ ማየት ሰላምታ ነው። ሁለቴ ማየት ጥናት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልየው ያለ ሰው ግን ልግዛው ብሏል፤ በአፉ ባይናገረውም ማንም አይስተውም።

ከፀደይ ጀምሮ ሌላ ነገር ነበር የመሰላት። የሰብሳቢዎች ማኅበር ለሚያሳትመው መጽሐፍ ሥዕል የምትሠራው እሷ ናት፤ የቴርላጎዎችን ጠመንጃ ለመሣል ብሬሻ ወርዳ በእነሱ ትልቅ ቤት ብዙ ቀን ተቀምጣለች። የሊቪዮ እናት በኩሽናው በር ነበር የሚያስገቧት። ሊቪዮ ግን ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እርሳሷን ይቀርጽላት ነበር፤ ብዙም ሳያወራ፣ የተቀረጸውን ደግሞ እየቀረጸ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቅብ ወደ እነሱ መንደር፣ ወደ ጋርዶኔ መምጣት ጀመረ። አባቷ ቀንዱን ሲያሳዩት ዓይኑ ቀንዱ ላይ አይቆይም ነበር። ተነሥቶ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወዳለችበት ሁሉ ይዞር ነበር። ወይም እሷ እንደዚያ አየሁ ብላ ነበር።

«ይኸው» አሉ አባቷ፣ ቀንዱን ከፈዩ ላይ እያስቀመጡ።

ባለ ሁለት ቅርንጫፍ የአጋዘን ቀንድ ነበር፤ ዕድሜ ያቢጫው፣ የብዙ ሰው መዳፍ ያለሰለሰው። ፊቱ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ የአደን ውሻ ተቀርጿል። ከጎኑ የቆዳ ክር ያንጠለጠለው የብረት ቁልፍ አለ፤ በአንድ ጫፉ የባሩድ መለኪያ ያለው፣ በሌላው የድሮ ጠመንጃን እሳት የሚጭረውን መዘውር እንደ ሰዓት የሚያጠነጥን።

«አልሸጠውም» አሉ አባቷ። «የኔም አይደለም። ለእናቷ ሰጥቻት ነበር፤ እሷ ካረፈች ጀምሮ የኦሪዬታ ነው። ቀንዱ ከልጅቷ ጋር ነው፤ ልጅቷ ወደ ሄደችበት ይሄዳል። ይህን ማወቅ አለብህ፣ ልጄ።»

ሊቪዮ በመጀመሪያ አልገባውም። ከብሬሻ ነው፤ ሟቹ አባቱ ጠመንጃ የሚገዙት ከነጋዴ፣ በደረሰኝ ነበር። ወጉን ማንም አልነገረውም። ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«እኔ እኮ ለማየት ብቻ ነበር፣ ሲኞር ቦርቶሎ።»

«ለማየት ብቻ ለመጣ ሰው ሁለቴ ይበቃዋል» አሉ አባቷ፣ ያለ ቁጣ። «ለቅዱስ ማርቲኖ በዓል ማኅበሩ ዕቃ ለማነጻጸር ይሰበሰባል። ጠመንጃህን ይዘህ ና። መጀመሪያ ቀንዱና ጠመንጃው ዘመዳሞች መሆናቸውን እንወቅ። ሌላው ከዚያ በኋላ።»

ሊቪዮ ወደ ኦሪዬታ ዞረ። እሷ ትሪውን ታይ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ፣ የፈለገውን ቃል፣ ቀና ትል ነበር። እሱ ግን ወይኑን ሳይቀምስ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወጣ።

የፈሰሰውን ወይን ጠረገች። ጠርጋ ስትጨርስ ንጹሑን ትሪ ደግማ ጠረገችው።

*

«ከቀንድ ጋር አስረህ ሰጠኸኝ» አለች አባቷን፣ የበቆሎውን ገንፎ እያማሰለች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ስለነበር ፊቷን አላዩም።

«ባዶ እጇን የምትሄድ ልጅ አይደለችም አልኩት እንጂ ምን አልኩት?»

«ሰውየው ቀንድ ፈልጎ መጣ፤ አንተ ልጅህን ምራቂ አድርገህ አቀረብክለት። ገበያ ላይ ሽንኩርት ለገዛ ሰው ድንብላል እንደሚጨመርለት።»

አባቷ ሳቅ ብለው ወዲያው ዋጡት። ዕድሜ ልካቸውን ሰደፍ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእንጨቱ ብናኝና የመብራቱ ማነስ ዓይናቸውን ጋርዶታል። ጠመንጃ መግዛት ስለማይችሉ ጠመንጃን የሚያገለግለውን ዕቃ ሰበሰቡ፦ የባሩድ ቀንድ፣ የመዘውር ቁልፍ፣ የጥይት መቅረጫ። ከሁሉም በላይ አባታቸው ከአንድ የፈረሰ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያገኙትን ይህን ቀንድ ይወዱታል። የየትኛው ጠመንጃ ባልንጀራ ሆኖ እንደተሠራ ሳያውቁ እንዳይሞቱ ይፈራሉ።

«ኦሪዬ፣ እኔ ልጁ አንቺን ነው የሚፈልገው ብዬ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

አባቷ ማንኪያቸውን አገላበጡ። «አላወቅሁም» አሉ።

ያ መልስ ከቁጣ የከፋ ሆኖባት ገንፎው እስኪያር አማሰለችው።

*

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሊቪዮ አልመጣም። ኦሪዬታ መቀመጫ አጣች። ለሥዕል ትቀመጥና ውኃ ልጠጣ ብላ ትነሣለች፤ ውኃውን ሳትጠጣ በሩ ላይ ትገኛለች። የብሬሻ አውቶቡስ ከታች መንገዱን ሲዞር ድምፁን ከጠመንጃ ፋብሪካዎቹ መዶሻ ለይታ ትሰማዋለች፤ ሳይቆም ሲያልፍ እንደገና ትቀመጣለች። የሜላ ወንዝን ድልድይ ያለ ጉዳይ ትሻገርና ያለ ጉዳይ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ ምን ጠፋብሽ ሲሏት እርሳስ ትላለች።

ወይኑ ተለቅሞ ሲያበቃ ከእሱ ፖስታ መጣ። ክፍሉን ዘግታ፣ ወንበር ደግፋበት ነበር የከፈተችው። ከውስጥ ተጣጥፎ የወጣው ቀጭን ወረቀት ነበር፤ የጠመንጃው ሰደፍ ላይ ካለው የአጥንት ጌጥ ላይ ተደርቦ በእርሳስ የተፈተገ ቅጂ። ከሥሩ ሁለት መስመር።

«ወይዘሪት ኦሪዬታ፣ ቃል የገባሁልዎትን ቅጂ ልኬያለሁ። እጄ እንደ እርስዎ እጅ አይደለምና ይቅርታ። በአክብሮት፣ ሊቪዮ ቴርላጎ።»

አገላበጠችው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ከቀንዱ ላይ ራሷ ያነሣችውን ቅጂ አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ መስታወት ላይ አስደገፈች። በሱ ወረቀት ላይ የምትሮጥ ጥንቸል ናት፤ በሷ ላይ አንገቱን ያዞረ ውሻ። መልካቸው አይገናኝም። ጥላ ለመስጠት የተጫሩትን ጥቃቅን መስመሮች ስታይ ግን ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ቀራጭ ሁሉ ጭረቱን ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ የእጅ ጠባይ ነው። እነዚህ በሁለቱም ወረቀት ላይ ወደ ግራ ነበር የተጋደሉት። ግራኝ ቀራጭ። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ ምናልባትም አንድ ክረምት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አባባ ብላ በደረጃው ቁልቁል በሮጠች ነበር። አሁን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሊቪዮ እርሳሷን እየቀረጸ አንድ ቀን የነገራትን አስታወሰች። አባቱ የዚያን ጠመንጃ ቀንድ ፍለጋ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ስለሱ ጠይቀዋል።

እንግዲያው ይፈልገዋል። እንዴት አይፈልገውም? ለጋብቻ ቢጠይቃት ማንን እንደጠየቀ፣ እሷን ወይስ ቀንዱን፣ መቼም አታውቅም። ልጆች ወልዳለት፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ከጎኑ ስትነቃ ቀንዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ታየዋለች፤ ያኔም አታውቅም። ካልጠየቃት ደግሞ ለቀንዱ እንኳ ብሎ ሊሸከማት አልፈቀደም ማለት ነው።

ወረቀቶቹን ከመስታወቱ አንሥታ ለየብቻ አስቀመጠቻቸው። ለአባቷም አልነገረቻቸውም።

*

በቅዱስ ማርቲኖ ዕለት ጠዋት አባቷ ጢማቸውን ሲላጩ ኦሪዬታ የቁልፎቹን መሳቢያ ከፈተች። ምን እንደምታደርግ ለራሷ አልነገረችም። እጇ በመሳቢያው ውስጥ ሲሄድ ዝም ብላ አየችው። የቀንዱን ቁልፍ የሚመስል ሌላ ቁልፍ አገኘ፤ ርዝመቱ ያው፣ የባሩድ መለኪያውም ያው፤ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ብቻ ጠበብ ያለ። የቆዳ ክሩን ከእውነተኛው ፈትታ በዚህኛው ላይ አሰረችው። እውነተኛውን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ቁልፉ ጠመንጃው ላይ አልገባም ይባላል። ቀንዱና ጠመንጃው ባዕዳን ይሆናሉ። ያኔ ሊቪዮ ቴርላጎ ከእነሱ ቤት የሚፈልገው ምንም ነገር አይኖርም፤ ከእሷ በቀር። እሷንም ካልፈለገ፣ ቢያንስ አውቃ ታርፋለች።

መንገዱን ሁሉ ብረቱ ጭኗን እየነካት ሄደች፤ በተራመደች ቁጥርም ቀዘቀዛት።

የደብሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከፈዩ ተዘርግቷል። የማኅበሩ ሰብሳቢ አባ ፋውስቲኖ የጋለ መርፌያቸውን በሻማ ላይ ይዘው የአንዱን ነጋዴ ቀንድ ጫፍ ነካ አደረጉና አሸተቱ። እውነተኛ ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

«ይህ አጋዘን» አሉ አባ ፋውስቲኖ፣ «የተወለደው ሚላኖ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ነጋዴው፣ «አባ፣ እሱም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» አለ፤ ደግመው ሳቁ።

ሊቪዮ ከመስኮቱ ዘንድ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል። አጠገቡ እናቱ ሲኞራ ኮስታንሳ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ኦሪዬታ ስታልፍ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሠዓሊዋ አይደለሽም እንዴ? ዛሬ በፊት ለፊት በር ገባሽ።»

«ኩሽናው በየት እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ሲኞራ» አለች ኦሪዬታ። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። ሊቪዮ ወደ መስኮቱ ዞሮ ከንፈሩን ነከሰ።

ተራቸው ደረሰ። በማኅበሩ ሕግ ዕቃ ሲነጻጸር ባለቤቶቹ ወደ ኋላ ይቆማሉ፤ ከፈዩ ላይ የሚያስቀምጠው ሁሉም የሚያምነው ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያ ሰው ኦሪዬታ ነበረች፤ ዕቃው ላይ የሌለ አንድ መስመር እንኳ ለማሳመር ብላ በሥዕሏ ላይ ጨምራ ስለማታውቅ። ቀንዱ የራሷ ቢሆንም ማንም ሌላ ሰው ይምጣ አላለም፤ ጠመንጃውን አስቀመጠች። ቀንዱን አስቀመጠች። ቅጂዎቹንም ዘረጋች፤ የግራኙን ጭረት ያየ ሁሉ አጉረመረመ። አባቷ ከኋላ፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

«ቅጂ ያቀራርባል፤ የሚያጋባው ቁልፍ ነው» አሉ አባ ፋውስቲኖ። «አንድ መንደር ውስጥ አንድ ቀራጭ ለስንቱ ሠርቷል።» ቁልፉን አነሡ፤ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ኦሪዬታን አዩዋት፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ቁልፉን የሚሞክረው የጠመንጃው ባለቤት ነውና ለሊቪዮ ሰጡት።

ሊቪዮ ቁልፉን መዘውሩ ዘንግ ላይ ሊገጥመው ሞከረ። አልገባም። ገፋ አደረገው፤ አዘነበለው። አልገባም።

«አይደለም» አለ።

ኦሪዬታ ፊቱን ታይ ነበር፤ ለዚህ ነበር ሁሉ ነገር። መጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ። ከዚያ ትከሻው ወረደ፤ ለወራት የተሸከመውን ዕቃ ያወረደ ሰው ትከሻ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት። ደስታውን ሊደብቅ ሞክሮ አቃተው። ደስ ብሎት ነበር። ቀንዱ የሱ ባለመሆኑ ደስ ብሎት ነበር።

የምትፈልገውን መልስ ሁሉ አንብባ ሳትጨርስ ከኋላዋ የወንበር ድምፅ ሰማች። አባቷ በጭላንጭል ዓይናቸው ወንበር እየዳበሱ ነበር። አገኙት፤ ተቀመጡ። የእሁድ ኮታቸው ድንገት የሰፋቸው መሰለ።

«ደህና» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ደህና፤ አይደለም እንግዲህ።»

ኦሪዬታ በሩን ከፍታ ወደ ግቢው ወጣች።

*

ሊቪዮ ግቢው ውስጥ ደረሰባት። ከውስጥ በዘንግ የተጠበሰው ሥጋ ሽታ ይመጣል፤ ሰዎች ሳህን ሲያንኳኩ ይሰማል።

«ወይዘሪት ኦሪዬታ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ከዚያ ዝም በል ካሉኝ ዝም እላለሁ።» ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ሦስቴ ማየት መግዛት መሆኑን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ መጥቼ የምቀመጥበት ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ምን ልበል? እርሳስ ልቅረጽ ብዬ ልምጣ?»

«ለምን ቀሩ?»

«አባትዎ ቀንዱ ከልጅቷ ጋር ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ብጠይቅዎት ምን ይሉኝ ነበር? እናቴ ምን ትላለች? እርስዎስ ሌሊት ተኝተው ምን ያስቡ ነበር? ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፤ ጽፌ ቀደድኩ። በመጨረሻ ጥንቸሏን ብቻ ላክሁ።» ባርኔጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዛሬ ቁልፉ አልገባም። የአባቴ ነፍስ ይቅር ትበለኝ፣ እንዳይገባ ስጸልይ ነው የመጣሁት። አሁን ማንም ምንም አይልም። ኦሪዬታ፣ አግቢኝ።»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ከፀደይ ጀምሮ ምላሷ ላይ ነው የከረመው። ኪሷ ውስጥ ግን ብረቱ ነበር። አዎ ብትል ባሏ የሚሆነው ሰው በሷ ውሸት ላይ ተደስቶ ይኖራል። አባቷም በሷ ውሸት ላይ አዝነው ይሞታሉ።

«ይጠብቁኝ» አለችው። «አይ፤ አይጠብቁኝ። ይከተሉኝ።»

ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ከፈዩ ዘንድ ደርሳ ቁልፉን ከኪሷ አወጣችና አስቀመጠችው፤ ማንኪያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«የቀንዱ ቁልፍ ይህ ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ያኛው ከመሳቢያ የወጣ ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም።»

«ስትመለሺ እየጠበቅሁሽ ነበር» አሉ አባ ፋውስቲኖ በዝግታ። «ያን ቁልፍ በወጣትነቴ ይዤዋለሁ፤ ሸለቆ ውስጥ ሰው ያረጃል እንጂ ብረት አይጠብም። ኦሪዬታ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ከፈዩ ላይ የሚያስቀምጠው ሌላ ሰው ነው። በመጽሐፉም ላይ ሥዕልሽ ይኑር፤ ስምሽ አይኖርም።»

ራሷን ነቀነቀች። እንደሚያማት አስባ ነበር፤ ያመማት ግን ሌላ ነገር ነው። ሊቪዮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያ ቅድም የተፈታው ፊት ተዘግቷል።

«እኔን ነው የፈተንሽው» አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ መሆኑን የረሳ ይመስላል። «እንደ ቀንድ በጋለ መርፌ ወጋሽኝ፤ እውነተኛ ሽታ እንዳለኝ ልታዪ።»

«አዎ።»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«መጠየቅ ፈራሁ።»

ሊቪዮ መጥቶ ቁልፉን ከከፈዩ አነሣ። ዘንጉ ላይ ሲገጥመው እጅ ጓንት ውስጥ እንደሚገባ ገባ። አዞረው፤ መዘውሩ እያጉረመረመ ተከተለው፤ ከሆዱ ውስጥ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ቀጭታ ተሰማ።

አባቷ ከወንበራቸው ተነሡ። ማየት አያስፈልጋቸውም ነበር። አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ቆሙ።

ሲኞራ ኮስታንሳ ጓንታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ዋጋው ታውቋል» አሉ። «ባሌ ሲፈልገው የኖረው ይኸው። ሊቪዮ፣ ልጅቷን ጠይቃትና እንሂድ፤ የሰደፍ ጠራቢ ልጅ ከቀንዱ ጋር ብትመጣ ቤቱ ሰፊ ነው።»

ሊቪዮ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አነሣ። ሁሉም ወደ እናቱ የሚወስደው መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛውን ዞሮ ሄዶ የቦርቶሎ ክንድ ላይ አስቀመጠው፤ ሕፃን እንደሚያስታቅፍ፣ ክብደቱን ቀስ ብሎ እየለቀቀ።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ሲኞር ቦርቶሎ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ቦርቶሎ። ጣታቸው ግን ቀድሟቸው ሰደፉን መዳበስ ጀምሮ ነበር።

«ለእኔ በስሜ የተናዘዘልኝ እሱ ብቻ ነው። ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ ወደ ሸለቆው ብመጣም ባልመጣም፣ ቀንድ ፈልጎ ነው የሚል ሰው አይኖርም።»

«አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎት» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

«እንዲገናኙ ነው የፈለገው፣ እማማ። በማን ቤት ይገናኙ እንደሆነ አልተናገረም።»

ኦሪዬታን ሳያያት አልፎ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ እሷን ያያት ነበር፤ እሷ ግን ያሰበችው ያላያትን ብቻ ነው።

*

የእናቱ መኪና ጭቃውን ረጭቶ ያለ እሱ ሄደ። ኦሪዬታ በፊት ለፊቱ በር ወጥታ መንገዱ ላይ አገኘችው፤ አውቶቡስ መቆሚያው ዘንድ ኮሌታውን አቁሞ ቆሟል። ሜላ ከታች ቀይ ውኃ ይዞ ይወርዳል። በዓል ቢሆንም አንድ ፋብሪካ መዶሻው አልቆመም።

ጎኑ ቆመች። መቅረብም መራቅም አቃታት።

«ተቆጥተሃል» አለች።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ባንቺ ላይ ተቆጥቼ አላውቅም፤ መጠኑን አላውቀውም።»

«ግቢው ውስጥ የጠየቅኸኝን አልመለስኩልህም።»

«ዛሬ አትመልሺልኝ። ዛሬ ብትመልሺልኝ ማን እንደመለሰልኝ አላውቅም።»

ይህ የራሷ ሐሳብ ነበር፤ መስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ያሰበችው፤ አሁን ከሱ አፍ ተመልሶ መጣባት። ምን ያህል እንደሚያም አላወቀችም ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም።

አውቶቡሱ ኩርባውን ዞሮ መጣ።

«ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለች።

«ምን ለማየት?» አለ፣ አውቶቡሱን እያየ። «እናንተ ቤት የማየው ዕቃ የለኝም።»

«ስለሌለህ ነው የምጠይቅህ።»

አውቶቡሱ ቆመ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ አፉ ውስጥ የበዓል ዳቦ ነበር። ሊቪዮ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አኖረ። ከዚያ አወረደው። ለሹፌሩ በባርኔጣው ሂድ ብሎ ምልክት ሰጠ።

«ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ ሹፌሩ። «ከዚህ በኋላ እስከ ነገ የለም።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሊቪዮ።

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ቁልቁል ወደ ብሬሻ ሄደ፤ ሁለቱም ተከትለው አላዩትም። ሊቪዮ ግንባሩን እንደቋጠረ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ ክንዱን ብቻ ትንሽ ከጎኑ አራቀላት፤ እጅ የሚገባበት ያህል።

ኦሪዬታ እጇን አስገባች። ልቧ መቀመጫ እንዳጣችባቸው ቀናት ይራወጥ ነበር፤ አሁን ግን እንዲያርፍላት አልተመኘችም።